ቲኪ ምግብ ቤት ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ አውራ ጎዳና ዳር፣ በነዳጅ ማደያና በጎማ መሸጫ መካከል፣ የጣሪያው ጫፍ የታንኳ አፍንጫ ቅርጽ ይዞ ወደ ሰማይ የቀና ሕንፃ ድንገት ሊያጋጥም ይችላል። ደጃፉ ላይ ከእንጨት የተጠረበ ዓይኑን ያፈጠጠ ፊት ቆሟል። ግራና ቀኝ ችቦ ይነዳል። ለመግባት ትንሽ የእንጨት ድልድይ መሻገር ያስፈልጋል። በሩ ከኋላዎ ሲዘጋ የቀትሩ ፀሐይ ይጠፋና ምሽት ይሆናል። ከጣሪያው ታንኳ ተንጠልጥሏል፤ በመረብ የታቀፉ አረንጓዴና ሰማያዊ የብርጭቆ ኳሶች በውስጣቸው መብራት በርቶባቸዋል፤ ሰውነቷን የምትነፋው እሾሃማ ዓሣ ደርቃ ፋኖስ ሆናለች።

ይህ ቲኪ በሚል ስም የሚታወቀው የምግብ ቤት ዓይነት ነው፤ ግማሹ መርከብ፣ ግማሹ ደሴት። በካሊፎርኒያ፣ በፍሎሪዳና በማሳቹሴትስ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመኪና ሲያልፉ ሳያዩት አይቀሩም። በአቡዳቢና በዱባይ ያሉትም «ትሬደር ቪክስ» የሚለውን ስም በሆቴሎች ውስጥ ያውቁታል። ብዙ ሰው ግን ወይ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ገብቶ ምን እንዳየ ሳያውቅ በልቶ ይወጣል። እኔ እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚሠራቸውን ስህተቶች በየተራ ላንሣ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊኔዥያን እንዳዩ ቆጥሮ መውጣት

ፖሊኔዥያ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በሃዋይ፣ በኒውዚላንድና የፋሲካ ደሴት በምትባለው በራፓ ኑይ የሚታጠር ግዙፍ ሦስት ማዕዘን ነው። ሳሞአ፣ ቶንጋና ታሂቲ በዚሁ ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ደሴቶች ሰዎች ኮምፓስ ሳይኖራቸው ኮከብ እየቆጠሩ፣ የማዕበሉን አመጣጥ በሰውነታቸው እየለዩ፣ ወፎች ወዴት እንደሚበሩ እያዩ፣ ጎን ለጎን በተጣመረ ታንኳ ያንን ሁሉ ባሕር ያቀኑ መርከበኞች ናቸው። «በአጋጣሚ ነፋስ ጥሏቸው እንጂ አውቀው አልሄዱም» የሚሉ ምሁራን ነበሩ። በ1976 «ሆኩሌዓ» የተባለችው ጥንድ ታንኳ ያለ ምንም መሣሪያ ከሃዋይ ተነሥታ ታሂቲ ስትደርስ ክርክሩ መልክ ለወጠ። ታንኳዋን የመራት ማው ፒያሉግ ራሱ ከፖሊኔዥያ ውጭ ካለችው ከማይክሮኔዥያ፣ ከሳታዋል ደሴት የመጣ ሰው ነበር፤ በሃዋይ ጥበቡን የሚያውቅ አልተገኘምና።

ቲኪ ምግብ ቤት የተወለደው ግን ከዚያ ሁሉ ርቆ በሆሊዉድ ነው። በ1933 መጨረሻ የአሜሪካ የአልኮል እገዳ ሲነሣ፣ በካሪቢያንና በደቡብ ፓስፊክ የዞረው ኧርነስት ጋንት ትንሽ መጠጥ ቤት ከፈተና በቀርከሃ፣ በመረብና ከመርከብ በተራረፈ ዕቃ ሞላው። ቤቱን «ዶን ዘ ቢችኮምበር» አለው፤ ቆይቶ የራሱንም ስም በሕግ ወደ ዶን ቢች ቀየረ። ደንበኛው «ዝናቡ ያባራ» እያለ እንዲቆይ ጣሪያው ላይ በጎማ ቱቦ ውኃ ይረጭ ነበር ይባላል። በኦክላንድ ደግሞ ቪክቶር በርገሮን በ1934 የከፈተውን ምግብ ቤት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚሁ መልክ አድሶ «ትሬደር ቪክስ» አሰኘው። በርገሮን በልጅነቱ በበሽታ ምክንያት አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው፤ ለደንበኞቹ ግን «ሻርክ ነው የወሰደብኝ» ይላቸው ነበር። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያወቀ የቤቶቹንም ጠባይ አወቀ። ይቀጥፋሉ፤ የሚቀጥፉት ግን እንግዳው ደስ እንዲለው ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በፓስፊክ ደሴቶች ተዋግተው የተመለሱት ወታደሮች ከጭቃውና ከወባው ይልቅ የዘንባባውን ጥላ ማስታወስ መረጡ። ሃዋይ በ1959 50ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ስትሆን ደግሞ ቲኪው በየከተማው ፈላ። ምድጃው ዘንድ የቆሙት በአብዛኛው ቻይናውያን ነበሩ። መጠጡን ከሚቀምሙት ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሬይ ቡሄን በ1961 በሎስ አንጀለስ «ቲኪ-ቲ» የተባለችውን ጠባብ መጠጥ ቤት ከፍቶ ለልጁና ለልጅ ልጁ አወረሰ። በሳን ዲዬጎ «ባሊ ሃይ» የተባለው ምግብ ቤት የቆመበት የሼልተር ደሴት እንኳ ከወደቡ ሥር በተዛቀ አሸዋ የተሠራ መሬት ነው።

ስለዚህ ልጅዎ «የሃዋይ ሰዎች የሚኖሩት እንዲህ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አይደለም ይበሉት። ይህ አሜሪካውያን ስለ ሩቅ ባሕር ያዩት ሕልም ነው፤ የቻይና እጅ ያበሰለው፣ የፊሊፒን እጅ የቀመመው። ልጅ ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ይመስለናል። እንዲያውም «ታዲያ ይህን ማን ሠራው? ያንንስ?» ማለት ይጀምራል።

«ውሸት ነው» ብሎ መናቅ

ከመጀመሪያው ስህተት ያመለጠ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የተማረ ሰው በተለይ። ቀርከሃውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይኼ ሁሉ ማስመሰል ነው» ይልና ስልኩን አውጥቶ ይቀመጣል።

በሳን ፍራንሲስኮ ፌርሞንት ሆቴል ውስጥ «ቶንጋ ሩም» የሚባል ቤት አለ። በ1929 የመዋኛ ገንዳ ሆኖ ነው የተሠራው። በ1945 የኤምጂኤም ፊልም ኩባንያ የመድረክ ንድፍ ባለሙያ የነበረው ሜል ሜልቪን ተጠራና ገንዳውን ሐይቅ አደረገው። ሙዚቀኞቹ የሣር ክዳን ባላት ጀልባ ላይ ሆነው ውኃው መሃል እየተንሳፈፉ ይጫወታሉ። በየጊዜው ነጎድጓድ ያጉረመርማል፤ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ከጣሪያው ዝናብ ሐይቁ ላይ ይወርዳል። ተመጋቢው ዳር ዳሩን በጎጆ ክዳን ሥር ስለተቀመጠ ጠብታ አይነካውም። መደነሻው ወለል ደግሞ «ፎረስተር» ከምትባል፣ በሳን ፍራንሲስኮና በደቡብ ባሕር ደሴቶች መካከል እንጨት ታመላልስ ከነበረች ባለ ሸራ መርከብ የተነሣ ጣውላ ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከቧንቧ ነው፤ ጣውላው ግን ያንን ባሕር በእውነት ተሻግሯል።

በእነዚህ ቤቶች ሐሰቱና እውነቱ እንዲህ ተጋብተው ነው የሚኖሩት፤ ደስታውም እነርሱን በመለየት ላይ ነው። የብርጭቆ ኳሶቹን እንውሰድ። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዳይሰጥም የሚያስሩበት መንሳፈፊያ ነበሩ። ገመዱ ሲበጠስ ኳሱ በማዕበል እየተነዳ ፓስፊክን ያቋርጥና ሃዋይ ወይም የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ይወድቃል። ጠጋ ብለው ይዩት። አሮጌው ኳስ በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ስለሆነ ብርጭቆው ውስጥ የአየር አረፋዎች ቀርተዋል። አንዱ ጫፉ ላይ የተነፋበት ቀዳዳ በቀለጠ ብርጭቆ ተደፍኖ የማኅተም ቅርጽ ያለው እብጠት ይታያል። ገመዱ የፈተገው ቆዳው ደብዘዝ ይላል። አጠገቡ የተሰቀለው ደግሞ ለጌጥ ብቻ ከፋብሪካ የመጣ፣ እንከን የሌለው ሊሆን ይችላል። ልጆች ይህን ልዩነት ከአዋቂ ቶሎ ያገኙታል።

በፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ፣ ቦብና ጃክ ቶርንተን የተባሉ ወንድማማቾች በ1956 የከፈቱት «ማይ-ካይ» አለ። በውስጡ «ሞሎካይ» የሚባለው ክፍል የጥንት ሸራ መርከብ ሆድ ሆኖ የተሠራ ነው። ገመዱ፣ ፋኖሱ፣ ወፍራሙ ምሰሶ ሁሉ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ መስኮቱ ነው። በመስተዋቱ ላይ ውኃ ሳያቋርጥ ስለሚወርድ ውጭ ማዕበል የመጣ ይመስላል፤ ውጭ የፍሎሪዳ ፀሐይ አስፋልት እያቀለጠች ነው። ይህን ያሰበ ሰው ቀልድ ያውቃል፤ ሙያም ያውቃል።

«እውነተኛው» የቱ እንደሆነ መቁረጥ ራሱ አስቸጋሪ ነው። የሳሞአ ወጣቶች በሁለት ጫፉ እሳት የሚነድ ቢላ እያሽከረከሩ የሚጨፍሩትን ያየ ሁሉ ከጥንት የመጣ ይመስለዋል። የጦር ቢላው ጭፈራ በእርግጥ ጥንታዊ የሳሞአ ጭፈራ ነው። እሳቱን የጨመረበት ግን ሌቱሊ ኦሎ ሚሲላጊ የተባለ ሳሞአዊ ነው፤ ያውም በ1946 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ለአሜሪካ ተመልካች ሲያሳይ። ዛሬ ሳሞአውያን የራሳቸው አድርገው ይወዳደሩበታል። የ«ማይ-ካይ»ን ትዕይንት ለአሥርተ ዓመታት ያቀናበረችውም ታሂቲ ተወልዳ በጨፋሪነት የመጣችው፣ በኋላም ቦብ ቶርንተንን ያገባችው ሚሬይ ቶርንተን ናት።

በቀትር መሄድና መጣደፍ

ክፍሉ የተሠራው ለጨለማ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በር በተከፈተ ቁጥር ብርሃን እየገባ አቧራውን ያሳይብዎታል። አመሻሹ ላይ፣ ትዕይንት ካለም ከመጀመሩ በፊት ይድረሱ። ጠረጴዛ ሲሰጥዎ መጀመሪያ የተሰጠውን አይቀበሉ፤ ፏፏቴው ወይም ሐይቁ አጠገብ ቦታ እንዳለ ይጠይቁ። ከዚያ ምግቡ እስኪመጣ ልጆቹን ይዘው ክፍሎቹን ይዙሩ፤ አስተናጋጆቹ ለምደውታል። በማሳቹሴትስ ሶገስ ከተማ የዎንግ ቤተሰብ ከ1950 ጀምሮ የሚያስተዳድረው «ኮውሉን» ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ መውጣት ያሳዝናል።

የስልክ ፍላሽ ደግሞ አያብሩ። ፎቶው ላይ የሚወጣው ፕላስቲክ ቅጠልና የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ የጎረቤት ጠረጴዛም ዓይኑን ያሻል።

መጠጡን የፍራፍሬ ጭማቂ ማድረግ

ጽዋው የሐውልት ፊት አለው። ላዩ ላይ አናናስ፣ አበባና የወረቀት ጃንጥላ ተሰክቶበታል። ጣዕሙ ሎሚና ማር ነው። ጠጅ ያሳደገው ሰው የጣፋጭ መጠጥ ጉልበት መቀመጫ ላይ ሳይሆን ሲነሡ እንደሚታወቅ መረሳት አልነበረበትም፤ ግን ይረሳዋል። «ዞምቢ» የተባለው የዶን ቢች ቅምር ከአንድ በላይ የሩም (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ አልኮል) ዓይነት የሚገባበት ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ ለአንድ ደንበኛ ከሁለት በላይ አይሸጥም ነበር። ሻጩ በራሱ ገበያ ላይ ገደብ ካበጀ ነገሩ ቀላል አይደለም ማለት ነው። መኪና የሚነዳው ሰው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ይወስኑ።

ስለ ቤቱ ሙያ ለማወቅ የሚፈልግ «ማይ ታይ» ይዘዝ። በርገሮን በ1944 ቀመምኩት ያለው መጠጥ የቆየ ሩም፣ የአረንጓዴ ሎሚ ጭማቂ፣ የብርቱካን ሊኬርና የአልሞንድ ሽሮፕ ነው። አናናስ ጭማቂ አልነበረበትም። ዛሬ ብዙ ቦታ በአናናስ ተጥለቅልቆ ይመጣል፤ እንደ ቀድሞው የሚሠራ ቤት ካገኙ ሌላውም ነገር በጥንቃቄ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቤተሰቡ አልሞንድ የማይስማማው ሰው ካለ ግን ሽሮፑ በብዙ መጠጥ ውስጥ ስለሚገባ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ጠንከር ልበል። መሃል ላይ እሳት እየነደደ፣ ረጃጅም መምጠጫዎች ተሰክተውበት የሚመጣው ትልቅ ሳህን የልጅ ዓይን ይስባል፤ ሙሉው አልኮል ነው። «አንድ ጊዜ ይቅመስ» የሚባል ነገር የለም፤ የአሜሪካ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ ማቅረብን ይከለክላል፤ አስተናጋጁም ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ለልጆች ያለ አልኮል፣ በዚያው በሐውልቱ ጽዋ እንዲመጣላቸው ይጠይቁ። ልጅ የሚፈልገው ጽዋውን ነው።

የምግብ ዝርዝሩን ሳይጠይቁ ማዘዝ

የእኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የቲኪ ቤት ምግብ መሠረቱ የካንቶን ቻይና ምግብ ነው፤ አሳማና ሸርጣን ደግሞ በየቦታው ይገባሉ። «ፑ ፑ» የሚባለው የቅድመ ምግብ ትሪ መሃሉ ላይ ትንሽ ምድጃ እየነደደ ይመጣል፤ ሁሉም እጁን እየሰደደ ሥጋውን በእንጨት ስንጥር እሳቱ ላይ ያሞቃል። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አጀማመር የለም። ነገር ግን ትሪው ላይ ያለው ጎድን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። «ሩማኪ» የሚሉት በአሳማ ሥጋ የተጠቀለለ የዶሮ ጉበት ነው። «ክራብ ራንጉን» በስስ ሊጥ የተጠበሰ ሸርጣንና ለስላሳ አይብ ነው። ይህን የማይበላ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል እንግዳ ይዘው ከሄዱ ትሪው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መጠያየቅ ያሳፍራል። ሲያዝዙ በግልጽ «አሳማና የባሕር ዛጎል ያለው ነገር አንፈልግም፤ በዶሮና በበሬ ይሁንልን» ይበሉ። ብዙ ቤቶች ያለ ቅሬታ ይቀይራሉ።

በጾም የሚሄድ ሰው የተጠበሰው ሩዝ እንቁላል እንዳለበት፣ አትክልቱም ከባሕር ዛጎል እንስሳ በሚዘጋጅ ኦይስተር ስጎ ሊሠራ እንደሚችል ይወቅ። የኮኮናት ወተት ግን ከተክል የሚገኝ ነው፤ ያለ ሥጋ በእርሱ የተሠራ ወጥ ካለ ይጠይቁ።

የደሴቶቹን እውነተኛ ምግብ የሚፈልግ ከዝርዝሩ ውስጥ አድኖ ማግኘት አለበት፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ጨርሶ የለም። በሳሞአና በቶንጋ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በኮኮናት ወተት ተዘፍዝፎ ይበላል፤ ክትፎ የለመደ ሰው ፊቱን አያዞርም። የሃዋይ ሰዎች ደግሞ «ፖይ» የሚሉት ወፍራም ሐምራዊ ገንፎ አላቸው፤ የሚሠራው ከተቀቀለና ከተወቀጠ ጎደሬ ነው። በወላይታና በከፋ ጓሮ የሚበቅለው ያው ጎደሬ ነው፤ አሜሪካዊው እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ ከደቡብ የመጣ አበሻ በቤተኛነት ሊበላው ይችላል።

ፊቶቹንና ጨፋሪዎቹን መጫወቻ ማድረግ

የተጠረቡት ፊቶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በጅምላ ቲኪ ይባላሉ። ቲኪ በማኦሪዎች ትውፊት የመጀመሪያው ሰው ስም ነው፤ በማርኬሳስ ደሴቶች ደግሞ የአያት ቅድመ አያት ምስል ነው። በራፓ ኑይ የቆሙት የድንጋይ ሐውልቶችም ለሞቱ አለቆች መታሰቢያ የተጠረቡ ናቸው። የአያቱን ምስል የኮክቴል ጽዋ ሆኖ ያየ የደሴት ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም፤ ይህን በግልጽ የተቃወሙ የሃዋይና የሌሎች ደሴቶች ተወላጆችም ብዙ ናቸው። የእኛን ታቦት ወይም መስቀል አንድ የባሕር ማዶ መጠጥ ቤት ጌጥ ቢያደርገው ምን እንደምንል አስቡት። እኔ በዚህ ምክንያት መሄዴን አልተውኩም፤ ግን ሐውልቱ አፍ ውስጥ ድንች ጥብስ እየሰኩ ፎቶ መነሣትን ልጆች ከወላጆቻቸው ነው የሚማሩት።

ጭፈራውም እንዲሁ ነው። የሃዋይ ሁላ በእጅ ታሪክ የሚነገርበት ዝግ ያለ ውዝዋዜ ነው። የታሂቲው በከበሮ የሚጣደፍ፣ ወገብ የሚያርገበግብ ነው። ትዕይንቱ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ስለሚያቀርብ አንድ ሕዝብ ይመስላል። እስክስታና የጉራጌ ጭፈራ አንድ ነው ሲባል የምንቆጣ ሰዎች ይህን ለመለየት ብዙ አንቸገርም። ጨፋሪዎቹ ወደ መድረክ ሲጋብዙ ልጆቹን ይልቀቋቸው፤ ሲጠናቀቅም ከየትኛው ደሴት እንደመጡ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ።

«ሌላ ጊዜ እንሄዳለን» ማለት

በኦሃዮ ኮሎምበስ ከተማ «ካሂኪ» የሚባል ቤት በ1961 ተከፈተ። በሩ ላይ ራሳቸው ላይ እሳት የሚነድ ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች ቆመው ነበር፤ ውስጡ የመንደር መንገድ ይመስላል፤ ዓሣዎች የሚዋኙበት የመስተዋት ግድግዳ ነበረው። የከተማው ሰው ልደቱንና ሠርጉን ያከበረበት ነው። በ1997 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገቡ ግን ባለቤትን ከመሸጥ አያግድም፤ በ2000 ቤቱ ፈረሰና በቦታው የመድኃኒት መደብር ተሠራ። ግዙፍ ሕንፃ፣ ዘወትር የሚጠገን ውኃና የሣር ክዳን፣ ውድ የከተማ መሬት፤ ሦስቱ ሲገናኙ ሒሳቡ ለምግብ ቤቱ አያደላም።

«ማይ-ካይ»ም በ2020 የማእድ ቤቱ ጣሪያ ተደርምሶ ሲዘጋ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። አዳዲስ ባለሀብቶች ገብተው ካደሱት በኋላ በ2024 ተከፍቷል። ለትዕይንቱ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት። ወደ የትኛውም ቲኪ ቤት ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ልጅ ይገባል ወይ፣ አንዳንዶቹ መጠጥ ቤት ብቻ ናቸውና፤ ሙዚቃ ወይም ትዕይንት ባለበት ምሽት ከምግቡ ሌላ የሚከፈል ነገር አለ ወይ፤ ውኃው ዳር ያለው ጠረጴዛስ ለስንት ሰው ይበቃል።